ዋታሙ በስድስት ቀን፤ ጨረቃን አይቶ ባሕር መውረድ

ዋታሙ ድረስ ሄዶ ባሕሩን ያጣ ሰው ጥቂት አይደለም። በፎቶ ያየውን ሰማያዊ ውኃ ብሎ ረፋድ ላይ ከማረፊያው ሲወጣ የሚያገኘው የባሕር ሣር የለበሰ ድንጋይና በየጎድጓዳው የቀረ ውኃ ነው፤ ባሕሩ ራሱ ርቆ ሄዶ ኮራል ከሚባለው፣ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ከገነቡት የድንጋይ ግድግዳ ጋር ይላተማል። ቅር ብሎት ወደ ማሊንዲ ገበያ ይሄዳል። እሱ በሌለበት ከሰዓት በኋላ ያ ሁሉ ድንጋይ ሰው በሚያሰጥም ውኃ ይሸፈናል። ዋታሙን በሚገባ ለማየት ማወቅ የሚያስፈልገው ዋናው ነገር ይኸው የውኃው መውጣትና መግባት ስለሆነ የዚህ ማስታወሻ ስድስቱም ቀናት የተደለደሉት በእሱ ነው።

ዋታሙ በኬንያ የሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ፣ በኪሊፊ ካውንቲ፣ ከሞምባሳ ወደ ሰሜን ከ100 ኪሎ ሜትር ትንሽ አለፍ ብላ፣ ከማሊንዲ በታች ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ስሟን ነዋሪዎቿ «ታሙ» ከሚለው የስዋሂሊ ቃል ጋር ያያይዙታል፤ «ጣፋጭ» ማለት ነው።

ከመነሳት በፊት

በዚህ ዳርቻ ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ከሙላቱ እስከ ሽሽቱ ስድስት ሰዓት ከሩብ ገደማ ስለሚፈጅ የዛሬው ሰዓት ነገ ከ40 እስከ 50 ደቂቃ ይዘገያል። ጨረቃ ሙሉ በሆነችበትና አዲስ በተወለደችበት ሰሞን የፀሐይና የጨረቃ ስበት ስለሚደመር በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ወደ አራት ሜትር ይጠጋል። ዓሣ አጥማጆቹ ይህን ሰሞን «ባምቩዋ» ይሉታል። ጨረቃ ግማሽ በሆነችበት ሰሞን ግን ልዩነቱ ከአንድ ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ያንን «ማጂ ማፉ» ይሉታል፣ የሞተ ውኃ እንደ ማለት። በባምቩዋ ሰሞን ውኃው የሚጎድለው ሁልጊዜ ረፋድ 4 ወይም 5 ሰዓት ገደማ፣ የሚሞላው ደግሞ ከሰዓት በኋላ 10 ወይም 11 ሰዓት ገደማ ነው። በሞተ ውኃ ሰሞን ነገሩ ይገለበጣል።

ስለዚህ ትኬት ከመቁረጥ በፊት የሚታየው የጨረቃ ሰሌዳ ነው። እዚህ የቀረበው ጉዞ የመጀመሪያው ቀን ሙሉ ጨረቃ ወይም አዲስ ጨረቃ ላይ እንዲውል ታስቦ የተሠራ ነው። ለመዋኘት ብቻ የሚሄድ፣ ድንጋይና የአሸዋ ደሴት የማያጓጓው ሰው ግን የሞተውን ውኃ ሰሞን ቢመርጥ ይሻለዋል፤ ውኃው ቀኑን ሙሉ ከባሕሩ ዳር ብዙም አይርቅም።

የውኃው ሰዓት ሰሌዳ ለሞምባሳ ኪሊንዲኒ ወደብ የሚወጣ ሲሆን ለዋታሙም ያገለግላል፤ ልዩነቱ የደቂቃዎች ነው። ሰሌዳው ላይ ከሰዓቱ ጎን በሜትር የተጻፈው ከፍታ ነው። ከ0.3 በታች የሚል ቀን ባሕሩ በጣም የሚሸሽበት ነው። ሰሌዳው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ስለተጻፈ ስድስት መቀነስ ነው፤ የኬንያና የኢትዮጵያ የሰዓት ክልል አንድ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ሰዓቶች በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው። ደስ የሚለው ነገር የስዋሂሊ ተናጋሪም እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ ይቆጥራል። ጀልበኛው «ሳኣ ንኔ» ካለ አራት ሰዓት ማለቱ ነው፣ እኛም አራት ሰዓት የምንለው። በእንግሊዝኛ «ቴን» ካለም ያው ሰዓት ነው። ቀጠሮ የሚበላሸው አንዱ በአንዱ ቋንቋ ተናግሮ ሌላው በሌላው ሲሰማ ስለሆነ «ፀሐይ የት ስትደርስ?» ብሎ በእጅ ማሳየት አያሳፍርም።

ወቅቱን በተመለከተ ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት «ካስካዚ» የሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ይነፍሳል፤ ባሕሩ ረጋ ይላል፣ ውኃው ይጠራል፣ ሙቀቱም ይበረታል። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ዋናው ዝናብ ነው፤ ብዙ ማረፊያዎችም በዚያን ጊዜ ይዘጋሉ። «ኩሲ» የተባለው የደቡብ ነፋስ ባሕሩን ሲያናውጥ ከርሞ ከነሐሴ በኋላ እየለዘበ ይሄዳል። ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ደግሞ ሃምፕባክ የተባሉት ትልልቅ ዓሣ ነባሪዎች በዚህ ዳርቻ የሚያልፉበት ነው።

ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ኬንያ ቪዛ አትጠይቅም፤ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግን ከፓስፖርቱ አይለይ። ዳርቻው ወባማ ነው። ደጋ ላይ ለኖረ ሰው በተለይ አደገኛ ስለሆነ ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ የመከላከያ መድኃኒት መጀመር የሚገባው ከመነሳት በፊት ነው፤ እዚያ ከደረሱ በኋላ መጀመር ለመጀመሪያዎቹ ቀናት አይደርስም። ሻንጣ ውስጥ ፌስታል አይግባ። ኬንያ የላስቲክ ከረጢትን እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2017 ጀምራ ከልክላለች፤ ቅጣቱም ከባድ ነው። ከሰኔ 2020 ወዲህ ደግሞ በፓርኮችና በተጠበቁ የባሕር ዳርቻዎች ተጠቅመው የሚጥሏቸው የፕላስቲክ ጠርሙሶችም አይፈቀዱም። ስለዚህ የውኃ ኮዳ ያዙ። ከሁሉም በላይ ግን የማይረሳው ነገር ሶሉ ወፍራም የሆነ፣ ተረከዝን አጥብቆ የሚይዝ፣ ውኃ ውስጥ የሚገባ ጫማ ነው። ነጠላ ጫማ ጭቃ ይይዘውና እግር ብቻውን ይወጣል።

አንደኛ ቀን፦ ከናይሮቢ ወደ ዳርቻው

ከናይሮቢ ወደ ማሊንዲ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አገሩን ማየት ለሚፈልግ ግን ባቡሩ ይመረጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ የጀመረው ማዳራካ ኤክስፕረስ ከናይሮቢ ሶኪማው ጣቢያ ተነሥቶ ሞምባሳ ሚሪቲኒ ድረስ 470 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። የጠዋቱ ባቡር የሚነሳው 2 ሰዓት ላይ ሲሆን በየጣቢያው እየቆመ ስድስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። የ9 ሰዓቱ ይፈጥናል፤ ነገር ግን የሚያደርሳችሁ በምሽት ስለሆነ የቀረውን መንገድ በጨለማ መጓዝ ይመጣል። ያ መንገድ በሌሊት አይመከርም፤ የጭነት መኪናና መብራት የሌለው ብስክሌት አብረው ይሄዱበታል። የጠዋቱን ያዙ።

ጣቢያው ላይ ሻንጣ ሁሉ መሬት ላይ በመስመር ይደረደራል፤ ውሻ ያሸተዋል፤ ከዚያም በማሽን ያልፋል፤ ትኬትና ፓስፖርት ይታያል። ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በፊት ያልደረሰ ሰው ሰልፍ ላይ እያለ በሩ ይዘጋበታል። ከምቲቶ አንዴይ በኋላ ሐዲዱ በጻቮ ምሥራቅና በጻቮ ምዕራብ ፓርኮች መካከል ያልፋል። ግራ እጅ ምሥራቁ ነው። ዝሆኖቹ በአካባቢው ቀይ አፈር ስለሚንከባለሉ ከሩቅ የሸክላ መልክ አላቸው፤ ከምስጥ ኩይሳ ጋር ያሳስታሉ፤ ኩይሳው ጆሮውን ሲያርገበግብ ነው የሚታወቀው።

ሚሪቲኒ የሚደርሰው 8 ሰዓት ገደማ ነው። ጣቢያው ከሞምባሳ ደሴት ውጭ ስለሆነ ሁለት ምርጫ አለ። በማታቱ፣ ማለትም በሚኒባስ ታክሲ፣ ሞምባሳ ከተማ ገብቶ የማሊንዲ ማታቱ መያዝ ርካሽ ነው፤ ጌዴ መገንጠያ ላይ ወርዶ በባጃጅ ወደ ዋታሙ ይገባል። እዚያ ባጃጅን «ቱክ ቱክ»፣ ሞተሩን «ቦዳ ቦዳ» ይሉታል። ሻንጣ ያለው ወይም ሦስት አራት ሆኖ የሚጓዝ ግን መኪና አስቀድሞ ቢይዝ ያዋጣዋል። ሹፌሩን በየት በኩል እንደሚሄድ ጠይቁት፦ ምቱዋፓ ላይ ያለው መጨናነቅ ሰዓት ሊበላ ስለሚችል ከማሪያካኒ በካሎሌኒ በኩል ተገንጥሎ ኪሊፊ አጠገብ የሚወጣው መንገድ አንዳንድ ቀን ይሻላል። በባሕር ዳሩ መንገድ የሄደ ደግሞ ቪፒንጎ ላይ የሲሳል ተክሉን በረድፍ፣ በየሜዳው ወፍራም ግንድ ያላቸውን ባኦባቦች፣ ከኪሊፊ ድልድይ ላይ ደግሞ ታች ያለውን የባሕር ገብ ያያል።

ገንዘብ፦ ዋታሙ ውስጥ ብር የሚመነዝር የለም። ዶላር ናይሮቢ ወይም ሞምባሳ ላይ ወደ ሽልንግ ይመንዘር፤ ባንክ በብዛት ያለው ማሊንዲ ነው። በፓስፖርት የሳፋሪኮም ሲም ካርድ አውጥቶ ኤም-ፔሳ ማስከፈት ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ሥራ ነው፤ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው፣ ኮኮናት ሻጩ እንኳ በእሱ ይቀበላል። ለባጃጅ ሃምሳና መቶ ሽልንግ ዘርዝሮ መያዝ አይከፋም፤ ዋጋ የሚነጋገሩት ከመሳፈር በፊት ነው።

ሁለተኛ ቀን፦ የሸሸውን ባሕር ተከትሎ

ጨረቃዋ ሙሉ ከሆነች ማግስት ውኃው 4 ሰዓት ተኩል ገደማ የመጨረሻ ዝቅታው ላይ ይደርሳል። መውጣት ያለባችሁ 3 ሰዓት ላይ ነው፣ ውኃው እየሸሸ፣ እናንተም ከኋላው። ከዚያ በፊት ግን ቁርስ። በዚህ ዳርቻ የሚበላው ማሃምሪ በኮኮናት ወተትና በሄል የተለወሰ ባለ ሦስት ማዕዘን ብስኩት ነው፤ አጠገቡ በኮኮናት ወተት የተቀቀለ የርግብ አተር ይቀርባል፣ ምባዚ ይባላል። አተሩ ቅቤም ሥጋም የለውም። ብስኩቱን ግን አንዳንዱ የላም ወተት ስለሚጨምርበት ጾመኛ የሆነ ጠይቆ ይብላ።

ዋታሙ በሦስት የተከፋፈሉ ገቦች አሏት፦ ከሰሜን የዋታሙ ገብ፣ መካከለኛው ብሉ ላጉን፣ ወደ ደቡብ ደግሞ ተርትል ቤይ። በየገቦቹ የቆሙት ጥቋቁር ድንጋዮች አናታቸው ሰፍቶ ወገባቸው የቀጠነ፣ እንጉዳይ የመሰሉ ናቸው። ተጠግታችሁ ብታዩት ድንጋዩ ራሱ የድሮ ኮራል ነው፤ ባሕሩ ከዛሬው ከፍ ብሎ በነበረበት ዘመን የኖረ፣ የቀንድ አውጣው ጠመዝማዛ ቅርጽና የኮራሉ ኮከብ መሰል ቀዳዳዎች ገና ያልጠፉበት። ወገቡን ያቀጠነው ማዕበሉ ብቻ አይደለም፤ ድንጋዩን እየፋቁ አልጌ የተባለውን የውኃ ዕፅ የሚለቅሙ ጥቃቅን ፍጥረታትም ከሥር ከሥር ይበሉታል። ውኃ ሲሞላ ከወገቡ በታች ያለው ሁሉ ይሰወርና ደሴት ይሆናል።

አሁን ስለ አደጋው። ውኃው ሲመለስ እኩል አይመለስም። ስድስቱን ሰዓት ወስዳችሁ አጠቃላዩን ከፍታ ለ12 ክፈሉት፦ በመጀመሪያው ሰዓት አንድ እጅ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሦስት ሦስት፣ በአምስተኛው ሁለት፣ በስድስተኛው አንድ እጅ ይጨምራል። የዕለቱ ልዩነት 3.6 ሜትር ከሆነ በመጀመሪያው ሰዓት የሚጨምረው 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ቁርጭምጭሚት ላይ ነው፣ ሰውን ያዘናጋል። በሁለተኛው ሰዓት 60 ይጨምራል። በሦስተኛው 90። ሦስተኛው ሰዓት ሲያልቅ 1.8 ሜትር ተጨምሯል ማለት ነው፤ ይህ ከብዙዎቻችን ቁመት በላይ ነው።

ከዚህ የከፋው ደግሞ ውኃው ከፊት ለፊት አለመምጣቱ ነው። ከዳርቻው አጠገብ ከኮራሉ ሜዳ ዝቅ ያሉ ቦዮች አሉ፤ ቀድመው የሚሞሉት እነሱ ናቸው። ሰው ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ ቆሞ ሳለ በስተጀርባው ያለው መመለሻው ይሞላል። ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፦ የመመለሻ ሰዓታችሁ ውኃው ዝቅታው ላይ የሚደርስበት ሰዓት ነው። 4 ሰዓት ተኩል ሲል፣ ገና ያላየነው አለ ብላችሁ ሳታንገራግሩ፣ ፊታችሁን ወደ መሬት አዙሩ። ልጆች ካሉ ከግማሽ ሰዓት በፊት።

እርምጃው አሸዋውንና ባዶውን ድንጋይ እየመረጠ መሆን አለበት። ሕያው ኮራል ላይ መቆም የተከለከለ ነው፤ አንድ ጊዜ የተሰበረ ቅርንጫፍ መልሶ ለማደግ ዓመታት ይፈልጋል። በጎድጓዳው ውስጥ ረዣዥም ጥቁር እሾሁን የሚያወዛውዘው የባሕር ጃርት ነው። እሾሁ ሲወጋ ይሰበርና ውስጥ ይቀራል፤ በመርፌ መቆፈር ይብሱን ያደቀዋል። አቼቶ ደጋግሞ መቀባት ስስ የሆነውን ስባሪ ያሟሟል፤ የአገሬው ሰው ደግሞ የጥሬ ፓፓያ ወተት ይቀባበታል። መገጣጠሚያ አጠገብ ከተወጋ ወይም ካበጠ ክሊኒክ ነው። ድንጋይ መስሎ አሸዋ ላይ የሚተኛው ስቶንፊሽ የተባለው ዓሣ ከወጋ ግን ሕመሙ ሌላ ነው፦ እግርን ቆዳ በማያቃጥል፣ ግን መቻል እስከተቻለ በሞቀ ውኃ ውስጥ ነክሮ፣ ሙቀቱን በጤነኛ እጅ እየለኩ፣ ወዲያው ወደ ሕክምና መሄድ ነው። የሾጣጣ ቅርጽ ያላቸው ያማሩ ቀንድ አውጣዎች መርዛማ ጦር አላቸው፤ አይነሱም። ባዶውም ዛጎል ቢሆን አይነሳም፤ ፓርኩ ውስጥ ስላለ፣ ደግሞም በባዶ ዛጎል ውስጥ የሚኖረው ሸርጣን የነገ ቤት ስለሆነ።

ከሰዓት በኋላ ከ9 ሰዓት ጀምሮ ውኃው ደረት ላይ ይደርሳል፤ የመዋኛው ሰዓት ያ ነው። በባሕሩ ዳር ጉዞና ቅርጻ ቅርጽ የሚሸጡ ወጣቶች ይቀርባሉ። ዝም ብሎ ማለፍ እንደ ስድብ ስለሚቆጠር ሰላምታውን መልሶ «ሃፓና፣ አሳንቴ» ማለት ይበቃል፤ አይ፣ አመሰግናለሁ ነው። በዕድሜ ለገፋ ሰው «ሺካሞ» ይባላል፤ መልሱ «ማራሃባ» ነው። ይህችን ያወቀ እንግዳ ይከበራል። ከባሕሩ ወደ መንደሩ ሲገባ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን፤ መንደሩ መስጊዶች ያሉት የእስላም መንደር ነው።

ሦስተኛ ቀን፦ የኮራሉ አትክልት

የዋታሙ የባሕር ፓርክ ከማሊንዲው ጋር እ.ኤ.አ. በ1968 የተከለለ፣ በአፍሪካ ቀደምት ከሆኑት አንዱ ነው፤ ስፋቱ 10 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የመግቢያው ክፍያ በጥሬ ገንዘብ አይደለም፤ በመንግሥት የኢንተርኔት ገጽ በካርድ ወይም በኤም-ፔሳ ይፈጸማል። ኔትወርክ ዳርቻው ላይ ስለሚደክም በዋዜማው ማታ መክፈል ይሻላል።

ጀልባ ስትይዙ አራት ነገር ቁረጡ፦ ዋጋው ለጀልባው ነው ወይስ በሰው? የፓርኩን ክፍያ ይጨምራል? ማስክና ላይፍ ጃኬት አለው? ውኃ ውስጥ ስንት ሰዓት ነው? ግማሹን ብቻ አስቀድሙ። ጃኬቱን እዚያው መሬት ላይ ሞክሩት፦ ታስሮ ሳለ ሌላ ሰው ከትከሻው በኩል ወደ ላይ ይሳበው፤ አገጭን አልፎ ጆሮ ከደረሰ ሰፍቷል፣ ውኃ ውስጥ ፊታችሁን ይሸፍናል። መዋኘት የማይችል ሰው ከዚህ ጉዞ መቅረት የለበትም፤ ልክ የሆነ ጃኬት ለብሶ፣ ከጀልባው የተጣለ ቀለበት ይዞ፣ ፊቱን ብቻ ውኃ ውስጥ ቢነክር ሁሉንም ያያል። ማስኩ ልክ መሆኑ የሚታወቀው ማሰሪያውን ሳያስሩ ፊት ላይ አስደግፈው በአፍንጫ አየር ሲስቡ ነው፤ ሳይወድቅ ከቆየ ጥሩ ነው። ፀጉር ወይም ወፍራም ጢም ከሥሩ ከገባ ውኃ ያስገባል። መስታወቱ እንዳይደበዝዝ በምራቅ ታሽቶ በባሕር ውኃ ለቅለቅ ይደረጋል።

በዛሬው ቀን ዝቅታው 5 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ውኃ ውስጥ መግባት የሚሻለው ከዚያ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ነው። ሲሸሽ ያለው ውኃ ከሚዳ ገብ የሚወጣውን ደለል ይዞ ይመጣል፤ ሲመለስ ያለው ግን ከውቅያኖሱ ስለሚገባ የጠራ ነው። ዝቅታው ላይ ደግሞ በኮራሉና በሆድ መካከል የሚቀረው ውኃ ስስ ስለሚሆን ሰውም ይፋቃል፣ ኮራሉም ይሰበራል። ፀሐይዋ አናት ላይ ስለሆነች ቀለሙ ይፈካል፤ ጀርባ ግን ሳይታወቅ ይቃጠላል። ዋታሙ ከምድር ወገብ ወደ ደቡብ ሦስት ዲግሪ ከምናምን ላይ ናት። ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል። እጀ ረጅም ልብስ ለብሶ መግባት ከሰንስክሪን ይበልጣል፤ ቅባቱ ታጥቦ ኮራሉን ይጎዳልና።

ውኃው ውስጥ ዝም ብላችሁ ተንሳፈፉና ጆሯችሁን ስጡ። ቆሎ የሚቆረጥም ሰው ያለ ይመስላል። አረንጓዴና ሐምራዊ የሆነው ፓሮትፊሽ ነው፤ ጥርሱ እንደ በቀቀን አፍ የተገጠመ ነው፣ ከኮራሉ ላይ አልጌውን ከነድንጋዩ ይነክሳል። ጥቂት ከተላችሁት ከኋላው ነጭ ዱቄት ሲበትን ታያላችሁ፤ ያ ያኘከው ድንጋይ ነው። እግራችሁ ሥር ያለው ነጭ አሸዋ አንድ ክፍል ከእሱ ሆድ የወጣ ነው። ጀልበኛው ዓሣውን ለመሰብሰብ ዳቦ ልበትን ካለ አይሆንም በሉት፤ ዳቦ የለመደ ዓሣ አልጌውን ይተዋል፣ ኮራሉም በአልጌ ይታፈናል።

ከሰዓት በኋላ ሎካል ኦሽን ኮንሰርቬሽን የተባለውን የባሕር ኤሊ ማዕከል ጎብኙ፤ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ይሠራል። ዓሣ አጥማጅ መረቡ ውስጥ ኤሊ ሲገባበት ይደውላል፤ ሠራተኞቹ መጥተው ይመዝናሉ፣ ምልክት ያስሩባታል፣ ጤነኛ ከሆነች ወደ ፓርኩ ይለቃሉ። የታመመችው ማዕከሉ ገንዳ ውስጥ ትታከማለች። ፌስታልን ጄሊፊሽ መስሏት የዋጠች ኤሊ ሆዷ በጋዝ ተነፍቶ መጥለቅ አቅቷት ስትንሳፈፍ ያየ ሰው የላስቲኩን ሕግ ምክንያት ሌላ ሰው እንዲያስረዳው አይፈልግም። እንቁላሎቹ አሸዋ ውስጥ ሁለት ወር ያህል ይቆያሉ፤ ወንድ ወይም ሴት መሆናቸውን የሚወስነው የአሸዋው ሙቀት ነው። ጫጩቶቹ በሌሊት ፈልፍለው ብርሃን ወዳለበት ስለሚሮጡ ባሕር ዳር ማታ ባትሪ አታብሩ።

አራተኛ ቀን፦ ጌዴ በጠዋት፣ ሚዳ በማታ

ጌዴ የድንጋይ ከተማ ፍርስራሽ ናት፣ ጫካ የዋጣት። ሙቀቱ ሳይበረታ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መግባት ነው። ስሟ ከኦሮምኛ የመጣ፣ ትርጉሙም «ውድ» እንደሆነ በብዙ ጽሑፍ ይገኛል። በኮራል ድንጋይና በኖራ የተሠራ ታላቅ መስጊድ፣ ቤተ መንግሥትና አጥር አላት፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሰው አልባ ሆናለች። ጄምስ ኪርክማን እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ሲቆፍር ቤቶቹን ባገኘባቸው ዕቃ ሰየማቸው፤ የመቀስ ቤት፣ የቻይና ሳንቲም ቤት ይባላሉ። አንዱ መቃብር ላይ የተቀረጸው 802 ዓመተ ሂጅራ፣ ማለትም 1399 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ለከተማዋ ዕድሜ መነሻ ሆኗል። ከታላቁ መስጊድ አጠገብ ያለውን ጉድጓድ ጎንበስ ብላችሁ እዩት፦ ከጊዜ በኋላ ይበልጥ ወደ ታች ተቆፍሯል። ውኃው እየራቀ መሄዱ ሰዎቹን ካስለቀቁት ምክንያቶች አንዱ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ አሉ፤ ሌሎች ደግሞ የጊዜውን ጦርነት ያነሳሉ። ቦታው እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። አስጎብኚ መያዝ ዋጋ አለው፤ ያለ እሱ ግድግዳ ብቻ ነው። ጦጣዎቹ ሙዝ ያለበትን ቦርሳ ያውቃሉ፤ ምግብ ይዛችሁ አትግቡ።

እዚያው በር ላይ ኪፔፔዮ አለ፤ የአራቡኮ ሶኮኬ ጫካ ዙሪያ የሚኖሩ ገበሬዎች ቢራቢሮ አርብተው፣ በሽፋኗ ውስጥ ተጠቅልላ ሳለች ወደ ውጭ አገር የሚልኩበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ተጀመረ። ጫካው ካልተቆረጠ የሚገኝ ገቢ ነው።

ዛሬ ዝቅታው 6 ሰዓት፣ ሙላቱ 12 ሰዓት ማታ ገደማ ነው። ለሚዳ ገብ ከዚህ የተሻለ ቀን የለም። የዋታሙ ዳርቻ ወደ ምሥራቅ ስለሚያይ ፀሐይ የምትወጣው ከባሕሩ ነው፤ ስትጠልቅ ማየት የሚፈልግ ወደ ሚዳ ይሄዳል። 9 ሰዓት ተኩል ላይ ድረሱ። ማንግሮቭ በሚባሉት፣ በጨዋማ ውኃ ውስጥ በሚበቅሉት ዛፎች መካከል በገመድ የተንጠለጠለ የእንጨት መተላለፊያ አለ፤ መጨረሻው የወፍ መመልከቻ ጎጆ ነው። ውኃው እየገባ ጭቃውን ሲሸፍነው ወፎቹ እየተገፉ ወደ ጎጆው ይቀርባሉ፤ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ከሆነ ክራብ ፕሎቨር የተባለችው ጥቁርና ነጭ ሸርጣን አዳኝ በመንጋ ትመጣለች። ትንሽ ቆይቶ ጭቃው ሁሉ ውኃ ይሆናል። ያኔ በታንኳ መውጣት ነው። ዳባሶ ላይ የመንደሩ ማኅበር የሚያስተዳድረው የእንጨት ምግብ ቤት የሸርጣን ሳምቡሳ ይሠራል፤ ቦታ በቀን ይያዝ። ከ12 ሰዓት በኋላ ትንኝ ይነሳል፤ ረጅም ሱሪና የትንኝ ቅባት ከታንኳው በፊት።

አምስተኛ ቀን፦ ማሊንዲ

ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ውኃው ሙሉ ነው፤ ዋኝታችሁ ውጡ። ከዚያ በማታቱ ወደ ማሊንዲ ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ቫስኮ ዳ ጋማ እ.ኤ.አ. በ1498 የደረሰባት፣ ወደ ሕንድ የሚያሻግር መሪ ያገኘባት ከተማ ናት፤ ያቆመው የመስቀል ዓምድ ከባሕሩ አፋፍ ላይ አለ። ከእሱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1415፣ የማሊንዲ ገዥ ለቻይና ንጉሠ ነገሥት ቀጭኔ ልኮ ነበር።

የማሊንዲ ባሕር ቡናማ ሆኖ ካገኛችሁት ቆሻሻ አይደለም። ከከተማዋ በስተሰሜን የሚገባው ሳባኪ ወንዝ ከደጋው ቀይ አፈር ተሸክሞ ስለሚመጣ ከዝናብ በኋላ ባሕሩን ያቀላዋል። ዋታሙ ከወንዙ አፍ ስለምትርቅ ትጠራለች፤ ለመዋኘት ያቺን፣ ለገበያና ለታሪክ ይህቺን የምንመርጠው ለዚህ ነው። ከተማው ላይ ጣልያንኛ ቢበዛባችሁ አይግረማችሁ። በአቅራቢያው ባለው ገብ ጣልያን የሮኬት ማስወንጨፊያ ነበራት፤ በኤክስሬይ ሰማይን ያጠናች የመጀመሪያዋ ሳተላይት፣ ኡሁሩ፣ በኬንያ የነፃነት ቀን፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 12 ቀን 1970፣ የመጠቀችው ከዚያ ነው።

ስድስተኛ ቀን፦ መመለስ

ማስክና ጫማ በንጹሕ ውኃ ይታጠቡ፤ ጨው ጎማውን ያደርቀዋል። ስልክ ከባሕር አየር የተነሳ ቻርጅ አልቀበል ካለ ቀዳዳውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት እንጂ መርፌ አታስገቡበት። ሻንጣ ውስጥ ዛጎል ወይም ኮራል አለመኖሩን፣ በተለይ የልጆችን ኪስ፣ ፈትሹ።

ለ9 ሰዓቱ ባቡር ከዋታሙ ቢዘገይ 3 ሰዓት ላይ መነሳት ያስፈልጋል፤ ኪሊፊና ምቱዋፓ የሚወስዱትን አስቀድሞ መገመት አይቻልም። የወባ መድኃኒቱ አገር ቤት ከተገባም በኋላ እንደየዓይነቱ ለቀናት ወይም ለሳምንታት ይቀጥላል፤ በመመለሻው ቀን አይቆምም። በሚቀጥሉት ወራት ትኩሳት ከመጣ፣ ጉንፋን ቢመስልም፣ በዚያው ቀን የደም ምርመራ አድርጉ፤ ለሐኪሙም ከሁሉ በፊት የኬንያ ባሕር ዳርቻ እንደነበራችሁ ንገሩት።